የተለዋወጡት ከበሮዎች

እስከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ነገሩ ሁሉ እንደዚህ ነበር። በበርን ከተማ፣ ሌንግጋሰ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በኦስካር ሉጊንቡል መኝታ ቤት ውስጥ ጠፍጣፋ መሳቢያዎች ያሉት ሰፊ ቁም ሣጥን ቆሟል። ቁም ሣጥኑ ድሮ የካርታ ማስቀመጫ ነበር፤ ኦስካር ከመሬት ልኬት መሥሪያ ቤት ጡረታ ሲወጣ ከቆሻሻ ጋር ሊጣል ሲል ለምኖ ያስመጣው ነው። አሁን በመሳቢያዎቹ ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፎ፣ በጨርቁ ላይ የድሮው የስዊስ ሠራዊት ሬቮልቨር ሽጉጦች በጎናቸው ተኝተዋል። በእያንዳንዱ ሽጉጥ አጠገብ ታሪኩ አለ፤ የታጠቀው ወታደር ስም፣ የትውልድ መንደሩ፣ የአገልግሎት ደብተሩ፣ ከተገኘም በፈረስ ላይ ሆኖ የተነሳው ፎቶግራፍ። ኦስካር ባለቤቱ ያልታወቀ ሽጉጥ አይገዛም። ሻጮች ርካሽ ነው ብለው ሲያባብሉት «የማን እንደነበረ ካላወቅኩ ምን ላደርገው፤ በር ላስደግፍበት?» ይላቸዋል።

ከስብስቡ ሁሉ እንከን ያለበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የገዛ አያቱ የጎትሊብ ሽጉጥ። በሽጉጡ ገላ ላይ የተመታው ቁጥር 7318 ነው። ጥይት የሚጎርሰውና በየተኩሱ የሚዞረው ከበሮ ደግሞ የዚያው ቁጥር መጨረሻ፣ 318፣ ሊኖርበት ይገባል። በጎትሊብ ከበሮ ላይ ያለው ግን 342 ነው። ሰብሳቢዎች በኤግዚቢሽን ላይ ሽጉጡን አንስተው ያገላብጡና ቁጥሮቹን ያያሉ፤ ከዚያ በጥንቃቄ መልሰው ያስቀምጡትና ስለ አየሩ ሁኔታ ያወራሉ። ይህ ጨዋነታቸው ኦስካርን ከስድብ በላይ ያሳምመዋል። የ342 ቁጥር ባለቤት ማን እንደነበረ ያውቃል። ክርስትያን፣ የአያቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ የፈረሰኛ ጓድ አገልግለዋል፤ ከዚያም በኋላ እስኪያረጁ ድረስ ለአንድ ቢራ ፋብሪካ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነድተዋል። የክርስትያን ሽጉጥ ከወንዙ ማዶ፣ በልጅ ልጁ በሄዲ ቤት መሆን አለበት። ኦስካር እዚያ ቤት ከረገጠ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። የሄዲ አባት የሞተ ጊዜ የኦስካር አባት ለቀብሩ አልመጣም። መርዶው ዘግይቶ ደረሰኝ አለ፤ የሄዲ እናት ደግሞ በጊዜው ልከናል አለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አላስረዳም። ኦስካርና ሄዲ አንዳንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አይብ ሻጩ ጋ ይገጣጠማሉ። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ፊታቸውን ወደ አይቡ ይመልሳሉ።

ማክሰኞ የኦስካር የልብስ ማጠቢያ ተራ ነው። ምድር ቤት ወርዶ አንሶላውን ማሽኑ ውስጥ ሲከት፣ የሰኞ ተረኛዋ ወይዘሮ ኔፍ ቁልፉን ልታስረክበው መጣች። ወይዘሮ ኔፍ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አስታማሚ ናት፤ ወሬ ካላካፈለች ቁልፍ አታስረክብም። አርብ አዲስ አሮጊት እንደምትገባላቸው፣ ልጇም ቤቷን ባዶ እያደረገ እንደሆነ ነገረችው። ትናንት ከአልጋ ልብስ ሥር፣ በትራስ ጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ ሽጉጥ ማግኘቱንም አወራችለት። በጥር አዲስ የመሣሪያ ሕግ ይጸናል ስለተባለ ልጁ ፈርቶ፣ ዛሬ ከሥራ ሲወጣ ለፖሊስ ሊያስረክበው ነው። ከዚያ ሽጉጡ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል አሉ።

«እሷን አልጠየቃትም» አለች ወይዘሮ ኔፍ፣ የራሷን ልብስ እያጠፈች። «ምን ትሠራበታለች አለኝ። እኔ ደግሞ ምን አገባኝ ብዬ ዝም። ግን አያሳዝንም? ሰው የገዛ ዕቃውን እንኳ ሳይጠየቅ!»

ኦስካር የሴትዮዋን ስም ጠየቃት።

«ሄዲ ቡርኪ። ከማግባቷ በፊት ሉጊንቡል ነበረች መሰለኝ... እንዴ፣ አቶ ሉጊንቡል፣ ዘመድዎ ናት እንዴ?»

«የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ከኔ ነው የሚሰሙት?»

ኦስካር በማሽኑ መስኮት ውስጥ አንሶላው ሲገለባበጥ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣና በሕይወቱ ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ልብሱን ማሽን ውስጥ ትቶ ለመውጣት ካፖርቱን ለበሰ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሄዲ ቤት ሄዶ ሽጉጡን ልየው ይላል። ከበሮውን ከቦታው ለማውጣት ለለመደ እጅ ደቂቃ አይፈጅም። የጎትሊብን ሽጉጥ ከመሳቢያው አወጣ፤ 342 የተጻፈበትን ከበሮ ነቅሎ በመሐረብ ጠቀለለና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። አንዱን ሰጥቶ አንዱን መውሰድ ነው። ማንም አይጎዳም፤ ማቅለጫው ቁጥር አያነብ። ትንሽ ካቻቢቴና የእጅ ማጉያ መነጽርም ያዘ። ቤቱን ሲቆልፍ ይህ ሁሉ ምንም ነውር አልነበረበትም። ትራሙ ድልድዩን ሲጀምር ግን ነገሩ እንደ መጀመሪያው አልታየው አለ። ከሥር ወንዙ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ ይታጠፋል። ልጅ ሆኖ በዚህ ድልድይ ላይ እሁድ እሁድ ከአያቱ ጋር በእግሩ ይሻገር ነበር፤ ወደ ክርስትያን ቤት፣ ወደ ሄዲ ቤት። የአያቱ ኮት የፈረስ ላብና የቢራ አተላ ይሸት ነበር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ያ ሽታ ከኮቱ አልለቀቀም። ጎትሊብ በመንገዱ ሁሉ አይናገርም። ከማዶው ጫፍ ሲደርሱ ብቻ «ደረስን» ይላል፤ መድረሳቸውን የሚጠራጠር ሰው ያለ ይመስል።

ከትራሙ ወርዶ ዳቦ ቤት ገባ። በነጭ ስኳር ድብ የተሳለበት የማር ኬክ ስምንት ፍራንክ ከሃምሳ ነበር። ለሁለት ሰው ውድ ነው ብሎ አሰበ፣ ገዛውም። ሄዲ ልጅ ሳለች ድቡን ሁልጊዜ ከራሱ ጀምራ ነበር የምትበላው።

በሩን ስትከፍት አጥርታ ተመለከተችው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእሱ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። ከገበያው ይልቅ እዚህ፣ በራሷ ደጃፍ ላይ፣ አጭር መስላ ታየችው።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ግባ። ጫማህን አትጥረግ፤ ወለሉ ከአርብ በኋላ የኔ አይደለም።»

ቤቱ ግማሹ ሄዷል። በግድግዳው ወረቀት ላይ ሥዕሎች ተሰቅለውበት የነበረው ቦታ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል፤ ቀሪው በሲጋራና በምድጃ ጭስ ወይቧል። በካርቶኖቹ ላይ የልጇ የዩርግ እጅ በትልልቅ ፊደል ጽፏል፤ «ይሂድ»፣ «ይጣል»፣ «ይታይ»። ለ«ይታይ» የቀረበው አንድ ካርቶን ብቻ ነው። ሄዲ ቡና በወተት እያፈላች ስለ አሮጌ ዕቃ ገዢው ነገረችው። ለብፌው አርባ ፍራንክ ሰጥቷል፤ በደረጃው ለሚያወርዱት ሰዎች ደግሞ እሷ ትክፈል ብሏል። የወርቅ ጠርዝ ያላቸውን ሳህኖች ጭራሽ አልፈልግም አለ፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ወርቁን ስለሚያነሳው የዘንድሮ ሰው አይገዛቸውም። ኦስካር ስለ ሳህኖቹ አዘነ። እሱም በእነሱ በልቷል፤ የፖም ቂጣ፣ እሁድ እሁድ፣ ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ። ይህን ሊላት ፈለገ። ነገር ግን ከየት እንደሚጀምረው ሳያውቀው ቀረና የትራም ዋጋ መጨመሩን አነሳ። እሷም ጨመረ አለች። የግድግዳው ሰዓት ስለተነቀለ ዝምታው የሚሞላው ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ሄዲ የኬኩን ድብ ራስ ቆርጣ ጎረሰች።

«ጋዜጣ ላይ ከሽጉጦችህ ጋር አይቼሃለሁ» አለች እያላመጠች። «ፀጉርህን ብታበጥር ምን ነበረበት? በል፣ መስኮቱ ላይ ነው፤ የጫማ ሳጥኑ ውስጥ።»

የትራስ ጨርቁን ፈታ። ሽጉጡ ቅባት ካየ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እጀታው ላይ ያለው እንጨት ደርቆ ነጥቷል። ገላው ላይ 7342። ከበሮው ላይ፣ በማጉያ መነጽሩ ሥር፣ 318። አርባ ዓመት በሐሳቡ ያየው ቁጥር በእርግጥም ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ነበር። ሄዲ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ታለቅልቃለች። ደቂቃ የማይፈጀው ሥራ አሁን ነበር የሚሠራው። ኦስካር ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሲያስጠጋ የካፖርቱ ኪስ ከወንበሩ እግር ጋር ተጋጨና የብረት ድምፅ ተሰማ።

«ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?» አለች፣ ሳትዞር።

መሐረቡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ዞራ ሁለቱን ቁጥሮች ካየች በኋላ እሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ልትለውጠው ነበር።»

«ልጠይቅሽ ነበር።»

«ከመለወጥህ በፊት ወይስ በኋላ?»

«ከቤት ስወጣ በኋላ ነበር» አለ ኦስካር፣ የማይዋሽ ሰው ስለሆነ። «ትራም ላይ በፊት ሆነ።»

ሄዲ ሳቀች። ካርቶን ውስጥ ገብታ የቆየ ጋዜጣ አወጣችና ልክ ሽማግሌዎቹ ያደርጉት እንደነበረው በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁለቱም ያንን ወዲያው አስታወሱ። በየበልጉ፣ በድሮው የመሣሪያ ቁጥጥር ቀን ዋዜማ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በዚሁ ጠረጴዛ ትይዩ ተቀምጠው ሽጉጦቻቸውን ይፈቱ ነበር። ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ ዘመን ያለፋቸው፣ ተቆጣጣሪም የማይጠብቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም ቀኑን አያሳልፉም። የተፈታው ብረት ሁሉ ግራሶ ባለበት በአንድ የቆርቆሮ ሳህን ላይ ይከማቻል። ሴቶቹ ምድጃው አጠገብ ቆመው ሾርባው ቀዘቀዘ እያሉ ያጉረመርማሉ። ልጆቹ ኦስካርና ሄዲ ጨርቅ በመያዝ ያገለግላሉ። ጎትሊብ ጨርቁን ከኦስካር እጅ ሲቀበል አያመሰግንም፤ ግን የሳህኑ ግራሶ ሲያልቅ የመጨረሻውን ጠብታ በልጁ አፍንጫ ጫፍ ላይ ይቀባል። ክርስትያን ደግሞ ይህን ባየ ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃል።

«በል ግጠመው» አለች ሄዲ። «እኔም ልየው።»

ኦስካር 318ን አወጣና 342ን በትክክለኛ ገላው፣ በ7342 ውስጥ ከተተ። ከመቶ ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩ ብረቶች ናቸው። ቃታውን ሳብ ሲያደርግ ከበሮው ዞሮ ቆመ፤ ቦታው ሳይደርስ ነው የቆመው። በጣቱ ሲነካው ይወዛወዛል። ወደ መስኮቱ አቅንቶ በአፈሙዙ ሲያይ፣ የጥይቱ ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር ስላልገጠመ በአንድ ጎን የጨረቃ ቅርፊት የመሰለ ጥላ ታየው። ደጋግሞ ሞከረው። ባዕዱን 318 ሲመልስበት ግን በየመዞሩ ቀጭ እያለ ልክ ቦታው ላይ ይቆማል። ቁጥሩ ትክክል የሆነው አይሠራም፤ የሚሠራው ስህተቱ ነው። የሽጉጡን ጎን ፈትቶ ከበሮውን የምትገፋዋን ትንሽ ጥርስ በማጉያ መነጽር ተመለከታት። ተሞርዳለች። በሻካራ ሞረድ፣ ሁሉም ጭረት በአንድ አቅጣጫ፣ በችኮላ እጅ።

«አንድ ሰው አሳጥሯታል» አለ።

«አያቴ ነዋ» አለች ሄዲ። ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። ክርስትያን ሰማንያ ዓመት ሲሞላው ነግሯታል። ሽጉጡን በታጠቀ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቁጥጥሩ ሳምንት ሲቀረው፣ ከበሮው ነክሶ አልዞር አለው። ጋጣ ውስጥ የጣልኩት ጊዜ አበላሸሁት ብሎ ደነገጠ። የመንግሥት መሣሪያ ማበላሸት ያሳስራል። እሱ የፈራው ግን እስሩን ብቻ አልነበረም፤ ዝርክርክ ነህ እያለ የሚቆጣውን ወንድሙን ነው። ስለዚህ ጋጣው ውስጥ ተደብቆ፣ የፈረስ ጫማ ሚስማር በሚሞርድበት ሞረድ ጥርሷን ሞረደ፤ ከበሮው ዞረለት። በቁጥጥሩ ቀን መኮንኑ የገላውን ቁጥር ብቻ ከደብተሩ ጋር አስተያይቶ አሳለፈው። «ለጎትሊብ እንዳትነግሪ አለኝ» አለች ሄዲ። «ጎትሊብ ከሞተ እኮ ስምንት ዓመቱ ነበር።»

ኦስካር ማጉያ መነጽሩን አስቀመጠ። የገዛ አያቱ ሽጉጥ ጥርስም የተሞረደ ነው። ኦስካር ሁልጊዜ የጦር ግምጃ ቤት ባለሙያ እጅ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ጭረቶቹ የደቀቁና የተመሳቀሉ ናቸውና። ነገር ግን ልጅ ሳለ ጎትሊብ አንድ ጊዜ የነገረውን ከዚህ ጋር አገናኝቶት አያውቅም። ጥርስ ስለ መሞረድ አልነበረም ያወራው፤ ወጣት ሳለ ከጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ቀጭን ሞረድ ተውሶ አንድ የመንግሥት ዕቃ ደብቆ እንዳስተካከለ ነበር። ክርስትያን እንዳይሰማ አደራ ብሎታል። ታናሽ ወንድሜ እኔ ምንም ነገር እንደማይበላሽብኝ ያምናል፣ እንደዚያው ይመን ብሎ።

ይህን ሲነግራት ሄዲ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር። ኦስካርም ሳቀ፣ ትንሽ ዘግይቶ። ሁለት ጎልማሶች በአንድ ሳህን ላይ ሳያውቁ ከበሮ ተለዋወጡ። ሁለቱም ተበላሸብኝ ብለው ደነገጡ፣ ሁለቱም ከሌላው ተደብቀው ሞረዱ። ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ጠረጴዛ ትይዩ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የወንድሙን ከበሮ ሲወለውል ኖረ።

«ቢነጋገሩ ኖሮ አንድ ደቂቃ ነበር» አለች ሄዲ ዓይኗን እየጠረገች።

«ከዚያም ያነሰ።»

ከታች ትራም አለፈ፤ ካርቶኑ ውስጥ የወርቅ ጠርዝ ያላቸው ሳህኖች ተንቀጫቀጩ። ሄዲ የኬኩን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች።

«አባትህ መርዶው ዘግይቶ ደረሰኝ ያለው እውነት ነበር?»

«አላውቅም» አለ ኦስካር። «አልጠየቅኩትም።»

«እኔም እናቴን አልጠየቅኩም።»

ዩርግ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ የመኪና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ገባ። ሃምሳ የሚጠጋ፣ ጥሩ ክራባት ያሰረ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያሳምን የዋለ ፊት ያለው ሰው ነው። የተፈታውን ሽጉጥ በጋዜጣው ላይ ሲያይ ባለበት ቆመ። እናቱ ኦስካርን ስታስተዋውቀው በአክብሮት ጨበጠውና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባ፤ ፖሊስ ጣቢያው በአሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል፤ ከጥር ጀምሮ ይህ ዓይነቱ ነገር በወንጀል ያስጠይቃል። ኦስካር በእርጋታ አስረዳው፤ አያስጠይቅም፣ እሱም የሰብሳቢ ፈቃድ አለው። ዩርግ ወንበሩን ሳበ፤ ድምፁ ተለወጠ።

«ዋጋ አለው ማለት ነው? ስንት ያወጣል?»

«ቁጥሩ ቢገጥም ኖሮ ጥሩ ያወጣ ነበር። እንዲህ ሆኖ ግን ብዙም አይደለም።»

«ታዲያ ቁጥሩ የሚገጥመው ከበሮ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው አይደል? ይግባበታ!»

«ሞክረናል» አለች ሄዲ። «አይሠራም።» ከዚያ ልጇን ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋን አላነሳችም። «ዩርግ፣ ስለ ብፌው አልጠየቅከኝም። ስለ ሳህኖቹም አልጠየቅከኝም። ዝም ያልኩት አንተ ቸኩለህ ስለነበር ነው። ስለዚህኛው ግን ትጠይቀኛለህ።»

ዩርግ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ኦስካር ይህን ላለማየት ብሎ የሽጉጡን ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

«እሺ እማዬ» አለ ዩርግ። «ምን ይሁን?»

«ከወንድሙ ጋር ይሁን። ኦስካር ይውሰደው። ሳህኖቹን ደግሞ ስድስቱን እኔ ይዤ እገባለሁ፤ በእጄ አጥባቸዋለሁ።»

ዩርግ ከካርቶኖቹ መካከል ተንበርክኮ «ይጣል» ከሚለው ውስጥ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። ሄዲ ኦስካርን እስከ በሩ ሸኘችው። የመኖሪያው የጉብኝት ሰዓት እሁድ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ነገረችው። ኬክ ይዞ ከመጣ ለስለስ ያለ እንዲሆን፤ ድቡ ጥርሷን ሊነቅለው ነበር። እሱም እሁድ እመጣለሁ አላት። ደረጃውን ግማሽ ከወረደ በኋላ ቀና ሲል በሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

ሰፈሩ ሲደርስ ገና አልመሸም። አንሶላው ተጣጥፎ በቅርጫት ሆኖ በሩ ላይ ጠበቀው፤ ወይዘሮ ኔፍ ናት። ኦስካር ቅርጫቱን አስገባ፤ መብራቱን አበራ፤ በጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋ። የክርስትያንን ሽጉጥ ከድርቀቱ በዘይት አለሰለሰው። 342ን በጎትሊብ ሽጉጥ፣ 318ን በክርስትያን ሽጉጥ ውስጥ መልሶ ከተተ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን የተሞረዱ ጥርሶች አውጥቶ፣ በዚያው ዘመን ከተሠሩ ሦስት ያልተነኩ ሽጉጦች ጥርሶች ጋር በማይክሮሜትር ለካቸው። የሦስቱ ያልተነኩት ርዝመት አንድ ነው። ጎትሊብ በሰዓት ሠሪው ሞረድ ያነሳው 0.21 ሚሊሜትር ነበር። ክርስትያን በጋጣው ሞረድ ያነሳው 0.22 ሚሊሜትር ነበር።